አሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት

ክፍሉ ድሮ የቆዳ መጋዘን ነበር። ጣልያን ደሴን ሲይዝ ቆዳውን አወጣና እኛን አስገባበት፤ ሽታው ግን አልወጣም። በሩን ከፍተው ገፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ እሱ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። "ግባ" ያለኝ የለም፣ "ማነህ" ያለኝም የለም።

ከኮምቦልቻ ነው ያመጡኝ፣ በካሚዮን፣ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ በሸሚዝ ብቻ ነበርኩ። ደሴ ስንደርስ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ከብርዱ ነው አልኩ ለራሴ። ከብርዱ ብቻ አልነበረም፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን ያስዋሸኛል!

የዚያ ክፍል ወግ እንዲህ ነው። እንግዳ እስረኛ በገባበት ቀን ዳቦ አይታሰብለትም፤ ድርሻው የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ስለዚህ ነባሮቹ ከየድርሻቸው እየቆረሱ ያበሉታል። መጀመሪያ የሚቆርሰው ግን መጤውን የሚያውቅ ሰው ነው። አዋቂው ከቆረሰ ሁሉም ይቆርሳል። አዋቂው እጁን ከሰበሰበ ሁሉም ይሰበስባል፤ መጤው ጆሮ ጠቢ ነው ማለት ነው። ከኔ በፊት እንዲህ ዳቦ የተነፈገ አንድ ሰው ነበር አሉ። ሌሊት አንቀውት፣ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ዘበኞቹም "በሽታ ነው" ብለው ጎትተው አወጡት።

እኔን የሚያውቀኝ አልነበረም። ዳቦው ሲመጣ ሁሉም አየኝ። አንድ ሽማግሌ ተነሱና ከኋላዬ ዞረው ሸሚዜን ገለጥ አደረጉት። ጣልያን ኮምቦልቻ ላይ የሠራውን ሥራ አዩ።

"ጀርባው ዋስ ይሆነዋል" አሉና ቆረሱልኝ።

ሸሁ እላቸዋለሁ። የቃሉ አገር ሰው ናቸው፤ "በቅሎዎቼ የጣልያን ጥይት አይሸከሙም" ብለው ነው የገቡት። እንደዚያ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ጠዋት ጠዋት "አብሽር!" ይሉኛል፣ ምን የሚያበሽር ነገር እንዳለ ሳይነግሩኝ።

አንድ ሚስማር አግኝቼ ግድግዳው ላይ ስጭር ሸሁ ያዙኝ።

"አንተ ደብተራ! ጋኔን ልትጠራብን ነው? ያለብን አይበቃም?"

"ጋኔን አይደለም ሸህ፣ ቁጥር ነው።"

"እሱማ ይብሳል!" ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ግን ጎኔን አመመኝ።

ቁጥሩን እንዴት እንዳገኘነው ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ባሕረ ሐሳብ የተማርኩት ቦሩ ሜዳ ነው። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ሒሳብ ነው። ሥራው ትልቅ ቁጥር ይዞ በሰባት ወይም በአሥራ ዘጠኝ መግደፍ፣ የተረፈችውን መያዝ ነው። የተገደፈው ይጣላል፤ ማንም አይጠይቀውም። የኔታ ስናጠፋ በዱላ አይቀጡንም፣ በቁጥር ነው የሚቀጡን። አንድ ቀን እኔና አንድ ጓደኛዬ የሰው ሽምብራ እሸት ስንበላ ተያዝን። "መቶ እልፍን በሰባት ግደፉ" አሉን። እልፍ አሥር ሺህ ነው፤ መቶ እልፍ ዛሬ ልጆቹ ሚሊዮን የሚሉት መሆኑ ነው። ወይራው ሥር ተንበርክከን አፈር ላይ ስንደክም ቆየን።

"አንድ ይተርፋል የኔታ!"

"ደግ" ብለው ሄዱ። እኔም ልነሳ ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ።

"የተጣለውስ ስንት ነው?"

"የተጣለውን ማን ይፈልገዋል?"

"እኔ።"

እሱ እንዲህ ነበር። ከኔ ይፈጥናል፣ ከኔ ይደፍራል፣ ሌላው የጣለውን ያያል። የተጣለውን ቆጠርነው። ፲፬፼፳፰፻፶፯ ሆነ፤ አሥራ አራት እልፍ ከሃያ ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት። በግእዝ ቁጥር ሲጻፍ ሦስት ጥንድ ነው፤ አሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት። እኔ ለጨዋታ እጥፍ አደረግሁት። ሃያ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት፣ አሥራ አራት ሆነ። እናንተዬ! አሥራ አራቱ ከፊት ተነስቶ ኋላ ተቀመጠ እንጂ ሌላ የተለወጠ የለም። ያንንም እጥፍ አደረግሁት፤ ሃምሳ ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት። እንደገና ዞረ። ሰውነቴን ወረረኝ።

"በሦስት ሞክረው" አለኝ።

ቁጥሩን በሦስት ሳበዛው አርባ ሁለት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰባ አንድ መጣ። "ተበላሸ" አልኩ።

እሱ ያንን እጥፍ አደረገው። ሰማንያ አምስት፣ ሰባ አንድ፣ አርባ ሁለት። "አልተበላሸም" አለ፣ "ሌላ ቤተሰብ ነው።" የመጀመሪያውን በአምስት ሲያበዛውም ሰባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ ሰማንያ አምስት ሆነና ያው ቤተሰብ መጣ። ከሦስቱ ጥንድ በላይ የተረፈችውን አንድ ወደ መጨረሻው ጥንድ ስንደምራት እነዚህም በመካከላቸው ይዞራሉ እንጂ ከነዚያ ጋር አይቀላቀሉም። የፊተኞቹን "የእናት ልጆች"፣ የኋለኞቹን "የእንጀራ ልጆች" አልናቸው። ስሙን ያወጣው እሱ ነው። በእንጀራ እናት እጅ ነበር ያደገው፤ "እነዚህ ወገኖቼ ናቸው" ብሎ ሳቀ። ለየኔታ አልነገርናቸውም። ለማንም አልነገርንም።

ጣልያን ሲመጣ እሱ ደሴ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነበርን። ዱር ላሉት አርበኞች መድኃኒት እናሳልፋለን፣ ቁስለኛ እናሸሻለን። መልእክተኛው ከሁለታችን መላኩ የሚታወቀው በቁጥራችን ነበር። የመጣው ሰው ከእናት ልጆች አንዱን ይላል፤ ተቀባዩ እጥፉን ይመልሳል። ከጠላት እጅ ወድቀን ተገድደን ቁጥር ከሰጠን ደግሞ የእንጀራ ልጆቹን እንሰጣለን። እነሱም ያው የቁጥሩ ልጆች ናቸው፤ ጠላት ቢመረምራቸው እንከን አያገኝም። አርባ ሁለት የሚል ሰው ከመጣ ግን "በር አትክፈት፣ ተይዣለሁ" ማለት ነው። ይህንንም ያሰበው እሱ ነው። ያን ጊዜ በአንጎሉ ቀናሁበት።

ከመያዜ በፊት አንድ ቁስለኛ አሳልፌ ነበር። ወረባቦ ውስጥ፣ ከቢስቲማ ወዲህ፣ አንድ ሙስሊም ገበሬ ጎተራው ሥር ደብቆታል። ገበሬው ሚስትና ልጆች አሉት። ቦታውን ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አፌ ካመለጠኝ የሚሞተው ቁስለኛው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ከነሰዎቹ ይቃጠላል።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ አንድ የበቅሎ ነጂ ልብስ የለበሰ ሰው ኮምቦልቻ ቤቴ መጣ።

"ሃያ ስምንት እልፍ ከሃምሳ ሰባት መቶ አሥራ አራት" አለ።

"ሃምሳ ሰባት እልፍ ከአሥራ አራት መቶ ሃያ ስምንት" አልኩት። ስናገር ሦስት ጣቱን አንድ በአንድ አጠፈ፤ ሦስቱም ሲታጠፉለት ራሱን ነቀነቀ። አስገባሁት። ውኃ ሰጠሁት። ለቁስለኛው መድኃኒት ይዣለሁ፣ ቦታውን ንገረኝ አለ። በኛ ዘንድ ቦታ አይነገርም፣ ሰው ይመራል እንጂ። "ግማሽ መንገድ እወስድሃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይቀበልሃል" አልኩት። ይህ አልጣመውም። ሽንቴን ልሽና ብሎ ወጣ፤ ሲመለስ የጣልያን አስካሪዎች ይዞ ነበር።

ስለ ዱላው ብዙ አላወራም። ስለ ቦታው ጠየቁኝ፣ አልነገርኳቸውም፤ ይኸው ነው።

ደሴ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ያ ሰው የእናት ልጁን ከየት አገኘው? ጓደኛዬን ላለመጠርጠር ያልሸመንኩት ሰበብ የለም። እውነተኛውን መልእክተኛ መንገድ ላይ ይዘውት ይሆናል አልኩ። ሰካራም አፍ ሰምተው ይሆናል አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ አልጠረጥርም ብዬ ከራሴ ጋር ስሟገት እውል ነበር።

ሸሁ ቁጥሩን አስተምረኝ አሉኝ። ጊዜ ከማለፍ በቀር ምን አለን! ስድስቱን ልጆች አሳየኋቸው። "በሰባትስ?" አሉኝ። ግድግዳው ላይ አበዛሁት። ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ዘጠኝ። ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሲገቡ ቀምተዋቸው ዚክር የሚያደርጉት በጣታቸው ነበር።

"ሱብሃነላህ!" አሉ። "የሙስበሃው ፍሬ ነው እኮ! የአላህ ስሞች ቁጥር! አንተ ደብተራ፣ ይህችን አታጥፋት።" አላጠፋኋትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ዳቦ ሊመጣ ሲል፣ በሩ ተከፈተና ጓደኛዬን ወርውረው አስገቡት። ራሱ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ሳየው እንደ ልጅ አለቀስኩ። ተቃቀፍን። ይዤው ተቀመጥኩ።

"እኔን ነው የምታቅፈው?" አለኝ በሹክሹክታ። "የሰጠሁህ እኔ ነኝ።"

"ምን አልክ?"

"ገረፉኝ። አልቻልኩም። ቁጥሩን ሰጠኋቸው።" ፊቱን አነሳ። "ግን የእንጀራ ልጆቹን ነው የሰጠኋቸው። አርባ ሁለቱን ነው ያልኳቸው። እሱ ይነቃል ብዬ፣ በአንተ ተማምኜ! አርባ ሁለት እየሰማህ እንዴት በር ትከፍታለህ ወንድሜ?"

ወይ አንተ ሰው! ከዱላው ሁሉ ያ ጥያቄ ነው አጥንቴ ድረስ የገባው። ተጠራጠርኩ። እራሴን ተጠራጠርኩ። ያን ቀን ደክሞኝ ይሆን? አርባ ሁለትን ሃያ ስምንት ብዬ ሰምቼ ይሆን? እሱ ተገርፎም ብልሃቱን አልረሳም፤ እኔ ቤቴ ተቀምጬ አበላሸሁት ማለት ነው? አፈርኩ። ይቅርታ ልለው ሁሉ ነበር።

"ያለፈው አለፈ" አለኝ፣ ትከሻዬን እየዳበሰ። "በኔ ላይ ማስረጃ የላቸውም፣ ነገ ይለቁኛል። ቁስለኛውን ሳይደርሱበት ላሽሸው። የት ነው ያለው?"

የገበሬው ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እውነቴን ነው፤ ከንፈሬን ከፍቼ ነበር። ስላፈርኩበት፣ በደሌን ልክስለት ፈልጌ። ከአፌ ያላወጣሁት ግድግዳው ከፊቴ ስለነበረ ብቻ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ለየብቻ ተጽፈዋል፣ በዚህ በኩል ሦስቱ፣ በዚያ በኩል ሦስቱ።

አርባ ሁለት ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እጥፉ ሰማንያ አምስት ነው። እኔ የመለስኩት ሃምሳ ሰባት ነው። ያ ሰው ጣቱን ሦስት ጊዜ ያጠፈው በሃምሳ ሰባት፣ በአሥራ አራት፣ በሃያ ስምንት ነው፤ መልሱንም አስጠንተውት ነው የመጣው። ከእንጀራ ልጆች ተነስተህ በእጥፍ የእናት ልጆች ዘንድ አትደርስም። ዕድሜ ልክህን እጥፍ ብታደርግ አትደርስም። ይህን ያሳየኝ እሱ ራሱ ነው፣ ወይራው ሥር።

የተገረፈ ሰው የእንጀራ ልጅ ይሰጣል። የእናት ልጅ የሚሰጠው ወዶ የሰጠ ነው።

ዞሬ አየሁት። አሁንም መልስ ይጠብቃል፤ ዓይኑ ውስጥ እንባ አለ፣ የውሸት አይመስልም።

"መልሴ ሃምሳ ሰባት ነበር" አልኩት።

ማስረዳት አላስፈለገኝም። ነግሬያችኋለሁ፣ ሒሳብ ላይ ከኔ ይፈጥናል። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ፤ እጁ ከትከሻዬ ላይ ወረደ። አልተከራከረኝም። ቢከራከረኝ ኖሮ ምናልባት ትንሽ ይቀለኝ ነበር። "ተሳስተሃል" ቢለኝ፣ ቢምልልኝ፣ ቢቆጣኝ! ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ።

ዳቦው መጣ።

ሁሉም ድርሻውን ያዘና ወደኔ ዞረ። የተቃቀፍነውን አይተዋል፤ አዋቂው እኔ ነኝ። ሸሁ ዳቧቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩኛል። ጓደኛዬ ወጉን አያውቅም ነበር፤ ግን ሁሉም ወደኔ መዞራቸውን አየ መሰለኝ፣ አንገቱን ሰበረ።

እጄን መሰብሰብ ብቻ ነበር። አንድ ቃል ሳልናገር፣ ጣቴን ሳላነሳ። ጠዋት ዘበኞቹ "በሽታ ነው" ይላሉ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ፈለግሁት። ያኔ በጣም ፈልጌው ነበር።

"ደብተራ" አሉኝ ሸሁ በቀስታ፣ "ወዳጅህ ነው?"

"ቦሩ ሜዳ አብረን ተምረናል" አልኳቸው። እሱ እውነት ነው። ዳቦዬን ቆረስኩና ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

ለሱ ብዬ አልነበረም። ጣልያን ጀርባዬን ወስዷል፤ እሱ ደግሞ ወንድሜን ወስዶብኛል። እጄ ግን የኔ ነበር፤ በዚያ ቀን ምን እንደሚሠራ የምወስነው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁሉም ቆረሱለት። ሸሁ መጨረሻ ላይ ቆረሱ፤ ፊቱን ሳይሆን ፊቴን እያዩ። ያወቁ ይመስለኛል፤ እኚያ ሰው የማያውቁት አልነበረም። እሱ ዳቦውን ጉልበቱ ላይ እንዳለ ትቶት ቆየ፤ ኋላ ግን በላው። ርቦት ነበር ወይስ ማየታችንን ፈርቶ፣ አላውቅም። ጠዋት ስሙን ጠርተው አወጡት። በሩ ላይ ቆም አለ፤ አልዞረም።

ቁስለኛውን አላገኙትም። ድኖ ወደ ዱር ተመለሰ፣ የገበሬውም ቤት አልተነካም። ከዚያ በኋላም ብዙ ተደበደብኩ፤ ግን ያ ተራ ዱላ ነው። ሸሁ የጣልያንን መውጣት ሳያዩ እዚያው ክፍል ውስጥ አረፉ። አላህ ይማራቸው፤ ከየኔታ ቀጥሎ የማነሳቸው እሳቸውን ነው።

ያ ጓደኛዬ ዛሬም አለ። ደሴ ነው ያለው፤ እኔም ከእስር ስወጣ እዚሁ ቀረሁ፣ ቤቱ ከቤቴ ብዙ አይርቅም። ሰኞ ገበያ ግርግሩ ውስጥ አንድ ሁለቴ ፊት ለፊት ተገጣጥመናል። "ደህና ነህ?" ይለኛል፣ "ደህና" እለዋለሁ፤ ግርግሩ ይገፋንና እንለያያለን። ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። ለምን እንዳደረገውም አልነገረኝም። ሰዎች "በገንዘብ ገዝተውት ነው"፣ "በሹመት ነው"፣ "ፈርቶ ነው" ይሉኛል። ቢፈራማ የእንጀራ ልጆቹን ይሰጥ ነበር። ራሱ የፈለሰፈው መውጫ ነበረው፣ አልተጠቀመበትም። እዚህ ላይ ስደርስ አሁንም ደሜ ይፈላል።

በቅርቡ እንዲህ ሆነ። ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ቤት ውዬ ነበር፤ ያንን ቁጥር ለጨዋታ በራሱ አበዛሁት። ረጅም ሒሳብ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በመጨረሻ ስድስት ክፍል ሆኖ ወጣ። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፤ ቀጥሎ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ አርባ ዘጠኝ። ሦስቱን የፊተኞች ከሦስቱ የኋለኞች ጋር ደመርኳቸው። ሁለትና አሥራ ሁለት አሥራ አራት። አራትና ሃያ አራት ሃያ ስምንት። ስምንትና አርባ ዘጠኝ ሃምሳ ሰባት።

ሦስቱም ተመልሰው መጡ። ራሱ በራሱ ተባዝቶ ራሱ!

ብቻዬን ጮህኩ። ሚስቴ "ምነው፣ ምን ሆንክ?" ብላ ከጓሮ መጣች። "ቆይ መጣሁ" አልኳት። ጫማዬን አጠለቅሁ፣ ዘንጌን አነሳሁ፣ ደጃፉን ተሻግሬ መንገዱ ላይ ደረስኩ። ይህን ነገር ሲሰማ ዓይኑ የሚበራ አንድ ሰው አውቃለሁ። ልነግረው እየሄድኩ ነበር። እንዲያውም በየትኛው በኩል እንደምጀምርለት እያሰብኩ ነበር።

መንገዱ ላይ ነው ወዴት እንደምሄድ ያስተዋልኩት።

ተመልሼ ገባሁ። ሚስቴ "ምንድን ነው?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ጀርባዬን የገረፉኝን ሰዎች ይቅር ብያለሁ፤ ፊታቸውም ጠፍቶኛል። ያን ቁጥር የምነግረው ሰው ያሳጣኝን ግን ይቅር ማለት አልሆነልኝም።